አሻንጉሊት የሚቆጣጠር፣ ሽጉጥ የማይነካ ሕግ

በአሜሪካ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ መብት ሲነሣ ክርክሩ ሁሉ ስለ ታጣቂው ነው፤ ስለ መሣሪያው የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። እኔ የምጠይቀው ስለ መሣሪያው ነው። የኪስ ሽጉጥ ትንሽና ቀላል እንዲሆን ሲባል ሞላው አጭርና ጠንካራ ይደረጋል፤ ስለዚህም ቶሎ ይደክማል። የኪስ ብናኝ ሲገባበት ደግሞ ጥይት መጉረስ ይሳነዋል።

ይህ እንኳ ትንሹ ጣጣ ነው። ሩገር የተባለው ኩባንያ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ኤልሲፒ የተሰኘ የኪስ ሽጉጥ በዚያው ዓመት እንዲታረም መልሶ ጠራው፤ ጥይት እንደጎረሰ ቢወድቅ ሊባርቅ ይችል ነበርና። ለመሆኑ ማን አስገድዶት? ማንም! በ1972 የተቋቋመው የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን አደገኛ አሻንጉሊት ከገበያ ያስወጣል፤ ሽጉጥን ግን እንዳይነካ ሕጉ ራሱ እጁን አስሮታል። ካሊፎርኒያ በ1999 ባወጣችው ሕግ አዲስ ሽጉጥ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት 600 ጥይት እንዲተኮስበትና ተጥሎ እንዲፈተን ታዛለች፤ የፌዴራሉ ሕግ ግን አገር ውስጥ ለተሠራ ሽጉጥ እንዲህ ያለ ፈተና አያውቅም።

«ገበያው ይቀጣዋል» ይሉናል። ገበያው የሚቀጣው እኮ ሽጉጡ ከባረቀ በኋላ ነው! የመታጠቅ መብት ጠበቆች ነን የሚሉት ወገኖች ይህን ፈተና ከማንም ቀድመው ሊጠይቁ በተገባ ነበር፤ ሽጉጡ ያለው በእነርሱ ኪስ ነውና።