ታላቋ ስትሄድ ያልተጠየቀው ኒካህ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱን ነጥለን ብቻውን ማቅረብ ግድ ሆነብን። ጸሐፊዋ የ25 ዓመት ወጣት ናት፤ የምትጽፍልን ከደቡብ ወሎ ነው። ረዘም ስላለ አሳጥረነዋል። ስሟንም የወረዳዋንም ስም ትተነዋል።

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በውሃ ምህንድስና ተመርቄ ሁለት ዓመት ተኩል ሠርቻለሁ። ዘንድሮ በዳአድ በኩል ጀርመን አገር ማስተርሴን እንድማር ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘሁ። ቤቱ በእልልታ ይሞላል ብዬ ስጠብቅ አባቴ ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ‹ኒካህሽን አስረሽ ሂጂ፣ ያለዚያ ሴት ልጅ ብቻዋን ፈረንጅ አገር አልሰድም› አሉኝ። ሰውም ተገኝቷል። ነጋዴ ነው፤ በ11 ዓመት ይበልጠኛል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ሽማግሌ ልኳል። ሁለት ዓመት እጠብቃታለሁ ብሏል። ባል ሚስቱ ወዳለችበት መሄድ ይችል እንደሆነም ወንድሜን ጠይቆታል።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ታላቅ እህቴ በ17 ዓመቷ በደላላ ቤሩት ስትሄድ ኒካህ ይታሰር ያለ ሰው አልነበረም። ፓስፖርቷ ላይ 24 ዓመቷ ነው ተብሎ ተጻፈላት። ይኸው 12 ዓመቷ! እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት። የቤታችን ቆርቆሮም የእሷ ነው። እናቴ ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም። መልስ እንድልክ የተሰጠኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? ሁለት ልብ የሆንኩት ነኝ።»

እህታችን፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ! ይህን ቃል ከቤትሽ ሰው አፍ አለመስማትሽ ያሳዝናል።

የሰውየውን ነገር ቶሎ ብለን እንለፈው። ወንድምሽን የጠየቀውን ስናነብ ትንሽ ቆም አልን። ሰውን በሩቁ መኮነን ነውር ነውና ክፉ አንናገረውም። ግን ሁለት ዓመት መጠበቅ የሚችል ሰው ያለ ኒካህም ይጠብቃል። ካልቻለም አሁን ማወቁ አይሻልም ትያለሽ? የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይላል። ሼሁንም ጠይቂያቸው፤ ያለ ልጅቷ ፈቃድ ኒካህ አለ እንደማይሉሽ እርግጠኞች ነን። ጉዞ ለማግኘት ሲባል የተሰጠ እሺታ ደግሞ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሆነ አንቺው ፍረጂ።

አሁን ወደ አባትሽ እንምጣ። ደብዳቤሽን መጀመሪያ ስናነበው ተናደድንባቸው፤ አንደብቅሽም። አንዷን ለሰው ቤት በ17 ዓመቷ ሸኝተው ለተማረችው በር መዝጋት ምን ይሉታል? ስንደግመው ግን ሌላ ነገር ታየን። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት፣ ኮሮናም ሲጨመርበት፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ቆንስላው በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ ዓለም አይቷል። እህትሽ ያኔ እዚያው ነበረች። አባትሽ እነዚያን ሌሊቶች እንዴት እንዳደሩ አንቺ ከእኛ ይበልጥ ታውቂያለሽ። ለእሳቸው «ልጄ ውጭ ሄደች» ማለት 12 ዓመት ቀረች ማለት ነው። ምናልባት ኒካህ የሚሉት ለታላቋ ሳይዙላት የቀሩትን ነገር ለአንቺ ሊይዙልሽ ፈልገው ይሆናል። ይህ ጥያቄያቸውን ትክክል አያደርገውም። አነጋገርሽን ግን ይለውጠዋል። «ለእሷ ያልጠየቅኸውን» ብለሽ የጀመርሽ እንደሆነ በሩ እዚያው ላይ ይዘጋል።

ስለዚህ ልዩነቱን በወረቀት አሳያቸው። እህትሽ የሄደችው በከፋላ አሠራር ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው፤ ማዳም ብታስከፋት ወጥታ ሌላ ጋ ልሥራ ብትል ሕገወጥ ትሆናለች። ፓስፖርትን አሠሪ ቆልፎ ማስቀመጡም እዚያ የተለመደ ነው። የአንቺ ፓስፖርት በገዛ ቦርሳሽ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ኪራይሽንና ምግብሽን የምትሸፍኚበት ወርሃዊ ገንዘብ፣ የጤና መድንና የጉዞ ወጪ ይከፈልልሻል። ትምህርቱ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ ተጽፏል። ደብዳቤውን በአማርኛ ተርጉመሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢላቸው። ወደ ፈረንጅ አገር የምትሄድ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሴት ልጅም አይደለሽም። ከንቲባ ገብሩ ደስታ ወደ 100 ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በፊት ሴት ልጆቻቸውን ስዊዘርላንድ ልከው አስተምረዋል። ከእነሱ አንዷ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ተመልሰው አርበኛ ሆኑ፣ ጣሊያን ወስዶ አሰራቸው፣ ኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ፓርላማ በመግባት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ።

አንድ ነገር ግን አደራ። አባትሽን ለማስደሰት ብለሽ የማታውቂውን አትማዪ። «በሁለት ዓመቴ ከች እላለሁ» ብሎ መሐላ ቀላል ነው፤ ሰው ግን ነገ የሚሆነውን አያውቅም። በየሳምንቱ እደውላለሁ፣ ክረምት ላይ ትኬት ከተገኘ እመጣለሁ በያቸው፤ የምትችይውን ብቻ።

ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው፤ ማንም አይነግርሽምና እኛ እንንገርሽ። ስኮላርሺፕ ደመወዝ አይደለም። ቤተሰቡ አንዷ ላኪ ሁለት ሆነችልን ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ክፋት የለውም፣ ልምድ ነው። የወሩ ገንዘብ ለአንቺ ጉሮሮና ለመጽሐፍሽ ያህል ነው። የእህትሽ ብድር አለብኝ ብለሽ ከምግብሽ ቀንሰሽ ስትልኪ፣ ማታ ሥራ ስትፈልጊ፣ የመጀመሪያው ፈተና ያልፍሻል። ከመሄድሽ በፊት «እስክጨርስ አልክም» ብለሽ ፊት ለፊት ተናገሪ። ይቀየሙ ይሆናል። ቅያሜው በስልክ ከሚመጣ አሁን ቢመጣ ይሻላል።

ለሌሎቻችሁ አንባቢያን በነካ እጃችን እንጨምር። ዳአድ የማመልከቻ ገንዘብ አያስከፍልም፤ «ስኮላርሺፕ አስገኝልሻለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ ደላላ ነው። በግሉ ከፍሎ ጀርመን የሚማር ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2025 በነበረው ተመን ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ አስቀምጦ ማሳየት ነበረበት። ሙሉ ስኮላርሺፕ ላገኘ ግን የስኮላርሺፑ ደብዳቤ ራሱ ማስረጃ ነው። «ሒሳቡን እኔ ልሙላልሽ» ከሚል ሰው ራቁ።

እህታችን፣ ሦስት ሳምንት ረጅም እንዳይመስልሽ። የስምምነት መልስሽን በዚህ ሳምንት ላኪ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይመለሱ። ቀጥሎ ቤሩት ደውዪ። እህትሽ ምን እንደምትል ለእኛ አልጻፍሽልንም፤ ምናልባት አንቺም አልጠየቅሻት ይሆናል። አባትሽ ከመስጊድ ሲመለሱ፣ ቡና ተፈልቶ ሁሉም በተቀመጠበት፣ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገሽ መሐል አስቀምጪውና አንቺ ዝም በይ። እሷ ትናገራቸው።