የሾፌሩ ሰዓት ይቆጠር

ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ዱከም ለብዙዎቻችን የጥሬ ሥጋ ከተማ ናት። ከሥጋ ቤቶቹ ማዶ ተደርድረው የሚያድሩትን ተሳቢዎች ልብ ብሎ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአገራችን የባሕር ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ባቡሩ በ2010 ዓ.ም. የንግድ ሥራ ቢጀምርም አብዛኛውን ጭነት የሚያመላልሰው አሁንም መኪና ነው። የምንበላው ስንዴም ሆነ የምንጽፍበት ወረቀት የሚደርሰን በነዚሁ ሾፌሮች እጅ ነው።

የብዙዎቹ የወር ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ቤታቸውን የሚያኖረው በየቢያጆው የሚታሰበው አበል ነው። ሲያዩት ትክክል ይመስላል፤ የሠራ ያገኛል። ነገር ግን ወደብ ላይ ጭነት ሲጠበቅ፣ ኬላ ላይ ሰነድ ሲመረመር፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተራ ሲያዝ፣ ወደ አዲስ አበባ መግቢያው ሰዓት እስኪደርስ ዱከም ላይ ሲቆም ቢያጆው አይጨምርም። የመዘግየቱ ጥፋት የሾፌሩ ሳይሆን ኪሣራው የሱ ይሆናል። የባከነውን ቀን ለማካካስ ሌሊቱን ይነዳል፤ እንቅልፉን በጫት ያባርራል። አደጋ ሲደርስም «በፍጥነት ሲነዳ ነው» ብለን እናልፋለን። ያስፈጠነውን የአከፋፈል ሥርዓት ማንም አይጠይቅም። የረዳቱ ደግሞ ይብሳል፤ የጽሑፍ ውል አይቶ የማያውቀው ብዙ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳያልፍ ደንግጓል። በዚያው በዱከም ባሉት ፋብሪካዎች ቢያንስ በር አለ፤ ሠራተኛው ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት እንደ ወጣ ማወቅ ይቻላል። ከጋላፊ እስከ ዱከም ባለው መንገድ ላይ ግን ሰዓቱን የሚቆጥረው ማነው? በቅርብ ዓመታት በየመንገዱ የታገቱና የተገደሉ ሾፌሮች መኖራቸውን ደግሞ ሁላችንም ሰምተናል። ለዚህ አደጋ የሚታሰብ አበል ስለ መኖሩ ሲነገር አልሰማንም።

ጉዳዩ የዩኒቨርስቲ ሰዎችን አይመለከትም የሚሉ አሉ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት መምህራን ሥራ ባቆሙበት ሰሞን ነበር፤ ተማሪውም አብሮአቸው ወጥቶአል። መንግሥትም ጭማሪውን ለመቀነስ ተገድዶአል። በዚያ ጊዜ ነጂው የማን እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም።

እኛ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሾፌሩ ያለ ጥፋቱ የሚቆምበት ቀን እንደ ሥራ ቀን ተቆጥሮ ይከፈለው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የሞትና የአካል ጉዳት ዋስትናውም ረዳቱን ይጨምር። የሕግ ተማሪዎች ወደ ዱከም ሄደው ከሾፌሮቹና ከረዳቶቹ ጋር እንዲነጋገሩ፣ ውል ያላቸውን ውላቸውን እንዲመለከቱላቸው፣ የሌላቸውንም ቁጥር እንዲመዘግቡ እናሳስባለን። የተገኘውን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።