ችግኝ መትከል ምርምር አይደለም!

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሦስት ሥራ አለን ይላሉ፦ ማስተማር፣ መመራመርና ማኅበረሰብን ማገልገል። ሦስተኛው ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ይግለጥ። ችግኝ ተተከለ፣ ደም ተለገሰ፣ ደብተር ታደለ። መልካም ነው፣ የሚጠላው የለም። ግን ይህን እኮ ዕድርም ያደርገዋል! ዶክትሬት ለምን አስፈለገ?

እኛ የምንለው ሌላ ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ሄደው ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። እንዶዱን ሴቶቹ ያውቁታል፤ በሽታውን እሳቸው ያውቁታል። ሁለቱ ዕውቀት ወንዝ ዳር ተገናኘ። ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው።

ታሪኩ ግን ማር ብቻ አይደለም። የውጭ ባለሙያዎች “መርዛማነቱ በኛ ደረጃ ይመርመር” እያሉ ሥራው ዓመታት ተጓተተ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የውሃ ቱቦ የሚደፍኑ ዛጎሎችን በእንዶድ ለማጥፋት ፓተንት አወጣ። ሕዝብ ያካፈለው ዕውቀት ባለቤቱ ማን ነው? ከሕዝብ ጋር እንሠራለን የሚል ሁሉ ይህን ሳይመልስ መጠይቅ ባይበትን ደስ ይለናል።

“ምሁር አደባባይ ከወጣ ካድሬ ይሆናል” የሚሉን አሉ። የሆነም አለ፤ አንክድም። ዝም ያላለው የከፈለውንም እናውቃለን፦ በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ ተባረዋል። ከዚያ ወዲህ ጆርናል ውስጥ መደበቅ ብልህነት ቢመስል አይገርምም። ለደረጃ ዕድገትም ሚዛን የሚደፋው እሱው ነው። ስለ ጤፍ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ጤፍ የሚዘራው ሰው አያነበውም፤ ያንኑ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢጽፍለት ደግሞ ለመምህሩ ነጥብ የሚሞላለት የለም።

እንግዲህ ከችግኙ ጎን ሌላም ይቆጠር። ጥናቱ የተካሄደበት ቀበሌ ተሰብስቦ ውጤቱን በቋንቋው ይስማ፣ “ይሄ ልክ አይደለም” ብሎ ይሟገት፤ ያንን ያደረገ መምህር ደግሞ በዕድገት ፎርሙ ላይ ነጥብ ያግኝበት። ይህን ሳያሳይ “ማኅበረሰብ አገልግሎት” ብሎ ሪፖርት የሚልክ ዩኒቨርሲቲ ሪፖርቱ ይመለስለት።