ሕግን እንወቅ፦ ማን ፈረመበት?

በአገራችን «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሰው ባለበት ይቆማል። አሜሪካን አገርም ሹሙን ደጃፍ ላይ የሚያስቆም ሕግ አለ።

የአንዲት እናት ልጅ እዚያ ይኖራል። የመኖሪያ ፈቃድ የለውም። «የኢሚግሬሽን ሰዎች ቤቱ ገብተው ቢወስዱብኝስ?» እያሉ ይጨነቃሉ። እስቲ ሕጉ ምን እንደሚል እንይ።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 4ኛ ማሻሻያ በ1791 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። የሰው ቤት ያለ በቂ ምክንያት አይፈተሽም ይላል። በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰነ። ፖሊስ ሰው ለመያዝ ብሎ ያለ ማዘዣና ያለ ፈቃድ ቤት አይገባም አለ። አስቸኳይ አደጋ ካለ ግን ሊገባ ይችላል።

ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛውን ዳኛ ይፈርምበታል። ይህ ቤት ያስገባል። ሁለተኛውን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሹም ራሱ ይፈርምበታል። በዚህኛው ሰውን መንገድ ላይ መያዝ ይቻላል። ብቻውን ቤት እንደማያስገባ ግን ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። በ2025 እ.ኤ.አ. መሥሪያ ቤቱ አዲስ የውስጥ መመሪያ አወጣ። ከአገር እንዲወጣ የመጨረሻ ትእዛዝ የተሰጠበትን ሰው በዚህ ወረቀት ቤቱ ገብቶ መያዝ ይቻላል አለ። ነገሩ ክርክር አስነሥቶ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ? በሩ ሲንኳኳ ቶሎ አይክፈት። «ማነው?» ብሎ ይጠይቅ። ወረቀቱን በበር ሥር ያስገቡለት ወይም በመስኮት ያሳዩት። ስሙን፣ አድራሻውን፣ ፊርማውን ያንብብ። የዳኛ ፊርማ ከሌለበት «እንድትገቡ አልፈቅድም» ይበል። «ግቡ» ካለ ግን በገዛ እጁ ፈቀደ ማለት ነው። በግድ ቢገቡም አይታገል፤ አይዋሽም። ዝም ማለት መብቱ ነው። ጠበቃ ይጥራ። የሆነውንም ሁሉ ይጻፍ።

እኚህ እናት ዘንድሮ ፊደል ቆጥረዋል። ቀድሞ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ጎረቤት ነበር። አሁን በገዛ እጃቸው ለልጃቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ልጄ፣ ከመክፈትህ በፊት አንብብ። ማን እንደ ፈረመበት እይ።»

ጥያቄ
1. ቤት የሚያስገባውን ማዘዣ የሚፈርመው ማን ነው?
2. «ግቡ» ማለት ምን ያስከትላል?