«ሙሉውን ቀይሪው» አትበሉኝ

የአዲስ አበባ ጋራዦች መልስ አንድ ዓይነት እየሆነ መጥቷል፤ «ሙሉውን ቀይሪው»። አሮጌዋ ኮሮላዬ እንደ ወፍጮ ማጉረምረም ስትጀምር የሄድኩበት ጋራዥም ኮፈን ከፍቶ፣ ጥቂት አዳምጦ የፈረደው ይህንኑ ነው። ዳይናሞው አልቋል፣ ይቀየር። ዳይናሞውን ግን ማንም አልፈታውም፤ በእጁ ያሽከረከረውም የለም።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ቢሆንም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ሳስተምር ኖሬ፣ ለግምት ይህን ያህል ብር አልከፍልም ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሞተሩ ሲበርድ ቺንጋውን አላልቼ አወጣሁትና ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አስነሳሁት። ድምፁ ጠፋ። እንግዲህ ችግሩ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ሳይሆን ቺንጋው ከሚያዞራቸው ነገሮች በአንዱ ላይ ነው። (ጥቂት ሰከንድ ያልኩት በምክንያት ነው፤ በብዙ መኪና ላይ የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ያው ቺንጋ ስለሆነ ሞተሩ ይግላል።) አጥፍቼ ቁልፉን ከነቀልኩ በኋላ እየዞርኩ በእጄ አሽከረከርኳቸው። የተፈረደበት ዳይናሞ ጸጥ ብሎ ዞረ። የውሃ ፓምፑም ደህና ነው፣ ወዲያ ወዲህ አይልም። ቺንጋውን የምትወጥረው ትንሿ ፑሌጃ ግን ጣቴ ላይ ተንኮሻኮሸች። ውስጧ ያለው ኩሽኔታ ግሪሱ አልቆ ደርቋል።

ኩሽኔታ ደግሞ መታወቂያው ጎኑ ላይ ተጽፎ ነው የሚኖረው። የእኔው 6203 ይላል፤ የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ስፋቱ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የጃፓን ይሁን የጀርመን፣ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ልኩ አንድ ነው። ሶማሌ ተራ መጀመሪያ የጠየቅኩት ነጋዴ «ለብቻው አይሸጥም፣ ፑሌጃዋን ሙሉውን ውሰጂ» አለኝ። እዚያው አካባቢ ኩሽኔታ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ግን ቁጥሩን ሲሰማ፣ የመኪናዬን ዓይነት እንኳ ሳይጠይቅ፣ ሁለት ጎኑ በጎማ የተሸፈነውን አወረደልኝ። ዋጋው ከዳይናሞው ጋር ለወሬም አይመችም።

መግጠሙ ሞርሳና የቡሶላ ቁራጭ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጥንቃቄው አዲሱን ስታስገቡ ነው፤ ግፊቱ የውጭው ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ። የውስጡን ቀለበት በመዶሻ የመታ ሰው ኳሶቹ መሄጃቸውን ያጎደጉዱበታል፤ አዲሱ ኩሽኔታም ሥራ ሳይጀምር ይሞታል። ነጠላና የአንገት ልብስም አውልቁ፣ ቺንጋ ይስባል። የሰፈር ወንዶች ዙሪያዬን ቆመው ምክር ሲያዘንቡብኝ ዋሉ፤ መፍቻ ያቀበለኝ ግን የለም።

ይህ የእኔ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ጋዜጣ ላይ ባልወጣ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የያዝናቸው አሮጌ ቶዮታዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ፤ መለዋወጫቸውም የሚመጣው በዚሁ ዶላር ነው። በዚህ ጊዜ ደህና ዳይናሞ አውልቆ መጣል ምን ይባላል?

በእርግጥ ሁሉም ድምፅ የግቢ ሥራ አይደለም። ጠዋት ሲጢጥ የሚል፣ ቺንጋው ላይ ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት የሚለወጥ ድምፅ ቀላል ነው። ከሞተሩ ሥር የሚመጣ፣ ነዳጅ ሲሰጡት የሚብስ ከባድ ኳኳታ ከሰማችሁ ግን አጥፉና አስጎትቱ።

መካኒኮቹንም አልፈርድባቸውም። ኩሽኔታ ብቻ ፈትቶ የሚቀይር ሰው ግማሽ ቀኑ ይሄዳል፤ ደንበኛው ደግሞ «ለዚች ቁራጭ ብረት ነው ይሄ ሁሉ?» ብሎ ይጨቀጭቀዋል። ሙሉውን ሲቀይር ሂሳቡ ዕቃው ውስጥ ገብቶ ስለሚጠፋ የእጅ ዋጋ የሚከራከረው የለም። እንዲህ ከሆነ ለምርመራው ለብቻው አስከፍሉኝ፣ ሳልከራከር እከፍላለሁ። የፈታችሁትን አሮጌ ዕቃ ግን እጄ ላይ አስቀምጡልኝ፤ ምኑ እንዳለቀም አሳዩኝ። ደረሰኙ ላይም «የሞተር ሥራ» ብሎ በጅምላ ከመጻፍ፣ የተቀየረው ዕቃ ከነቁጥሩ ይጻፍ።