ክፍል ውስጥ የሌለው ተማሪ

በሎስ አንጀለስ ኮሌጆች የሚሰጠውን የሥራ ደህንነትና የአደጋ መከላከል ትምህርት የሚማረው ማን ነው? የማታ ክፍል በር ላይ ቆሞ ወንበሮቹን የቃኘ ሰው መልሱን ለማግኘት አይቸገርም። ከሺፍት የወጣ የፓርኪንግ ሠራተኛ ዓይኑን እያሸ ተቀምጧል። ነገ በማለዳ አዛውንት ከአልጋ አንስታ መታጠቢያ ቤት የምታደርስ ኬርጊቨር አለች። ኮንስትራክሽን ሊገባ ሲል «መጀመሪያ ካርዱን አምጣ» የተባለ ወጣት አለ። የፓርኪንጉ ባለቤት የለም። የኤጀንሲው ሥራ አስኪያጅ የለችም። የተሰነጠቀው ወለል እንዲጠገን ቼክ የሚፈርመው ሰው የለም። አደጋውን ማስቀረት የሚችለው ሰው በሌለበት ክፍል አደጋ መከላከልን ማስተማር ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ትምህርቱ አይጠቅምም የሚል ካለ እኔ ከእሱ ጋር የለሁም። መሰላል እንዴት እንደሚቆም፣ እሳት ማጥፊያ እንዴት እንደሚያዝ፣ ኬሚካል ላይ የተለጠፈው ምልክት ምን እንደሚል ማወቅ ሕይወት ያተርፋል። ሎስ አንጀለስ ትሬድ-ቴክኒካል ኮሌጅ ከ1925 ጀምሮ ለከተማዋ ሠራተኛ ሙያ ሲያስተምር ኖሯል። ዩሲኤልኤም ከ1978 ጀምሮ ሎሽ በሚባለው ፕሮግራሙ ሠራተኞችን ስለ ደህንነታቸውና ስለ መብታቸው ያሠለጥናል። (የኢትዮጵያ ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እኔን የሚያሳስበኝ ሚዛኑ ነው። ከአሥር ሰዓት ኮርስ ውስጥ ስንቱ «አንተ ተጠንቀቅ» ነው? ስንቱስ «አሠሪህ ይህን የማድረግ ግዴታ አለበት፤ እምቢ ካለ እዚህ ሂድ» ነው?

ካርዱ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። የአሥር ሰዓቱን ኮርስ የጨረሰ ሰው የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ የኦሻ ስም ያለበት ካርድ ይሰጠዋል። ብዙው ሰው ካርዱን ከመንጃ ፈቃዱ ጎን ያስቀምጠዋል፤ በልቡም እንደዚያው ይቆጥረዋል። ኦሻ ግን ምን ይላል? ኮርሱ በፈቃደኝነት የሚወሰድ ነው፤ አሠሪው በሕግ ለሠራተኛው መስጠት ያለበትን ሥልጠና አይተካም ይላል። እንግዲህ «ካርድ አለው፤ ሠልጥኗል» ብሎ አዲስ ሠራተኛን በመጀመሪያው ቀን ማሽን ላይ የሚያቆም አሠሪ ምን ይዞ ነው? ሠራተኛውስ በገዛ ገንዘቡና በዕረፍት ቀኑ የአሠሪውን ዕዳ እየከፈለ መሆኑን ማን ነገረው?

ይህ የ«ተጠንቀቅ» ትምህርት ከየት መጣ? ኸርበርት ሃይንሪክ የሚባል የትራቨለርስ ኢንሹራንስ ባልደረባ በ1931 ስለ ኢንዱስትሪ አደጋ መከላከል መጽሐፍ አሳተመ። ከመቶው አደጋ 88ቱ የሰው ጥንቃቄ ጉድለት፣ 10ሩ የማሽንና የቦታ ችግር፣ 2ቱ ማንም የማያስቀረው ነው አለ። ለአስተማሪ የሚመች ቁጥር ነው፤ አጭር ነው፣ ሰሌዳ ላይ ያምራል። ለአሥርት ዓመታት ሲደገም ኖረ። ከምን የተለቀመ ነበር? ከኢንሹራንስ መዝገቦችና ከፋብሪካ ኃላፊዎች ሪፖርት። ጣቱ የተቆረጠው ሠራተኛ «ማሽኑ መከላከያ አልነበረውም» ሲል፣ አለቃው «ተዘናግቶ ነው» ሲል፣ የማን ቃል ነው ፋይል ውስጥ የገባው? ኋላ የተነሱ የሙያው ሰዎች ዋናውን መረጃ ሊፈትሹ ፈልገው አላገኙትም። ክፍል ውስጥ ግን 88 ዛሬም በሕይወት አለ።

የሚገርመው፣ ያው ትምህርት ትክክለኛውን መንገድም ያውቃል። መጀመሪያ አደጋ የሚያመጣውን ነገር አስወግድ፤ ካልተቻለ ጉዳቱ በሚቀንስ ተካው፤ ካልተቻለ ከሰው ለየው፤ ከዚያ አሠራሩን ቀይር፤ ጓንትና ጫማ የመጨረሻዎቹ ናቸው ይላል። ታዲያ ሥልጠናው ለምን ሁልጊዜ ከመጨረሻው፣ ከጓንቱ ይጀምራል? ጓንት ርካሽ ስለሆነና ሠራተኛው ራሱ ሊገዛው ስለሚችል ከሆነ በግልጽ ይነገረን።

ወደ ፌርፋክስ እንምጣ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ሰፈሩን በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይመው የኮራነው በምግብ ቤቶቻችን ነበር፤ ዛሬም እንግዳ ሲመጣብን የምንወስደው እዚያ ነው። ከፊት ለፊት መሶብ፣ ጀበና፣ ዕጣን አለ። ከበሩ ጀርባስ? እንጀራ ጋጋሪዋ አክንባሎውን ባነሳች ቁጥር እንፋሎቱ ፊቷንና ክንዷን ይመታል። ይህ በአንድ ሺፍት ስንት ጊዜ ነው? ሊጡ ከባልዲ ሲቀዳ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ የጤፍ ሊጥ የነካው ሴራሚክ እንዴት እንደሚያንሸራትት የወደቀበት ያውቀዋል። ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢት አንዱ ቀላል ነው፤ ሃያውን ከመኪና አውርዶ መደርደርስ? ዳቦ ጋጋሪዎች ከዱቄት ብናኝ አስም እንደሚይዛቸው ሐኪሞች ካወቁት ቆይቷል። እኛ ቤት ጋጋሪዋ ስትስል «በርበሬው ነው» ብለን ስቀን የምናልፈው እስከ መቼ ነው?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። ካሊፎርኒያ በ1973 የራሷን የሥራ ደህንነት ሕግ አውጥታለች፤ የሚያስፈጽመው ካል-ኦሻ ይባላል። ከ1991 ጀምሮ ሦስት ሠራተኛ ያለው ምግብ ቤት እንኳ የአደጋ መከላከያ ፕሮግራም ሊኖረው፣ ይህንንም ሠራተኛው በሚገባው መንገድ ሊያስረዳ ግድ ነው። ከሐምሌ 2024 ወዲህ ደግሞ በቤት ውስጥ የሥራ ቦታ ሙቀቱ 82 ፋራናይት፣ ማለትም 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሲደርስ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀዝቀዝ ያለ ማረፊያና ሥልጠና ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ሆኗል። ምጣድ ሲግል የዋለበት ወጥ ቤት 82 ሳይደርስ የሚያመሽበት ቀን ስንት ነው? ቴርሞሜትር ግድግዳው ላይ የሰቀለውስ ስንቱ ነው? ፕሮግራሙ አለን የሚሉትም ብዙ ጊዜ የሚያወጡት ከኢንተርኔት የወረደ፣ የሌላ ድርጅት ስም ተሰርዞ የእነሱ የተተካበት የእንግሊዝኛ ማህደር ነው። «ኢንስፔክተር ሲመጣ ለማሳየት» ይሉታል። ለኢንስፔክተር የተጻፈ ወረቀት ጋጋሪዋን ከምን ያድናታል?

አንድ ነገር ደግሞ የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አላየሁም። በካሊፎርኒያ ሕግ ሠራተኛ ለሕይወቱ የሚያሰጋውን ሥራ አልሠራም ማለት ይችላል፤ ቅሬታ ስላቀረበም ሊባረር አይገባም። ጥሩ። ባለቤቷ እትዬ እገሌ ከሆኑስ? አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሏት፣ ሶፋቸው ላይ ወር ያስተኟት፣ ሥራ የሰጧት እሳቸው ከሆኑስ? «እትዬ፣ ወለሉ ሰው ይጥላል» ስትል «አገር ቤት በጭስ ትጋግሪ የነበርሽ ልጅ ዛሬ ወለል መረጥሽ?» ብትባል መልሱ በስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው? ይሉኝታን የማያውቅ የደህንነት ትምህርት ፌርፋክስ ላይ ምን ይሠራል?

ከምጣዱ ሌላ ብዙ ወገን ያለበት ሥራ መሪ መያዝ ነው። በ2023 በአሜሪካ ሥራ ላይ እያሉ ከሞቱት 5,283 ሰዎች 1,942ቱ የሞቱት ከትራንስፖርት ጋር በተያያዘ አደጋ ነው፤ ከሦስቱ ከአንድ በላይ ማለት ነው። አገሪቱን በሥራ ላይ የሚገድላት መንገዱ ከሆነ፣ የትምህርቱ ሽፋን ላይ ለምን ሁልጊዜ ባለ ሄልሜት ሰው ይሣላል? ይህም ይቅር። የደህንነት ሕግ የሚጀምረው «አሠሪው» ብሎ ነው። የኡበርና የሊፍት ሾፌር አሠሪ ማን ነው? የካሊፎርኒያ መራጮች በኅዳር 2020 ፕሮፖዚሽን 22ን አጽድቀው የራሱ ተቋራጭ ነው አሉ፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሐምሌ 2024 አጸናው። አንዱ አፕ «12 ሰዓት ሞላህ» ብሎ ሲዘጋበት ሌላውን ከፍቶ ወደ ኤርፖርት የሚመለሰው ወንድማችን ክፍል ገብቶ «ድካምህን ለአሠሪህ አሳውቅ» ሲባል ለማን ያሳውቅ? በሰው ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችም እንዲሁ ለአሥርት ዓመታት ከዚያው ሕግ ከለላ ውጭ ሆነው ኖረዋል። የእኛ ሰው በብዛት የሚገኝበትን ሥራ ሕጉ ዘሎ ሲያልፍ፣ መጽሐፉም ሲዘለው፣ እኛ ክፍል የምንገባው የማንን ሥራ ልንማር ነው?

«የተማረ ባለበት ይህ ሁሉ አይደርስም» የሚል ካለ፣ ከፌርፋክስ ወደ ምዕራብ፣ መንገዱ ካልተዘጋ ግማሽ ሰዓት የማይፈጀውን ዩሲኤልኤን ይጠይቅ። ታኅሣሥ 29 ቀን 2008 አንዲት የ23 ዓመት የምርምር ረዳት አየር ሲያገኝ የሚነድ ኬሚካል በሲሪንጅ ስትቀዳ የሲሪንጁ ግፊት ዘንግ ወጣ፤ እሳቱ ልብሷን ያዘው። የላብራቶሪ ጋዋን አልለበሰችም ነበር። ከ18 ቀን በኋላ አረፈች። ከሁለት ወር በፊት የዩኒቨርሲቲው የራሱ ምርመራ በዚያው ላብራቶሪ ብዙ ጉድለት አግኝቶ ነበር፤ ሠራተኞች ጋዋን አለመልበሳቸውም አንዱ ነበር። ማን አረመው? ካል-ኦሻ ዩኒቨርሲቲውን 31,875 ዶላር ቀጣ። በ2011 መጨረሻ በፕሮፌሰሩና በዩኒቨርሲቲው ላይ የወንጀል ክስ ተመሠረተ፤ ሁለቱም በስምምነት አለቀ። በሃይንሪክ ስሌት ልጅቱ ከ88ቱ መካከል ናት፤ ጋዋን ያልለበሰችው ራሷ ናት። ከምርመራው ሪፖርት በኋላ ሁለት ወር ያለፈው ግን በማን ጥንቃቄ ጉድለት ነው? ያ ግቢ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለከተማዋ ሠራተኛ የሥራ ደህንነት ሲያስተምር የነበረው ግቢ ነው።

አገር ቤትም ጥያቄው ይከተለናል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሚንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም፣ በግንባታ ላይ በነበረው ቤተ ክርስቲያን የቆመ የእንጨት ርብራብ በበዓሉ ዕለት ምዕመናን ላይ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ ምን ተባለ? «ብዙ ሰው ወጣበት» ተባለ። ርብራቡን አይቶ «ይህ ሰው አይችልም፤ ማንም አይውጣ» የማለት ሥልጣን የማን ነበር? ስሙ የታወቀ፣ ደሞዝ የሚከፈለው፣ የሚጠየቅ ሰው ነበረ? ኢትዮጵያ የሙያ ደህንነትን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ1991 ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም፣ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር)፣ ግዴታውን አሠሪው ላይ ይጥላል። በዚያው ክልል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአካባቢና የሙያ ጤናና ደህንነት ትምህርት ክፍል አለው። ትምህርቱ አለ፣ አዋጁ አለ፤ «ይቁም» የሚል ሰው ግን በርብራቡ ሥር አልነበረም። ተመራቂዎቹን ሳይት ላይ ቀጥሮ ይህን ቃል የሰጣቸው ኮንትራክተር ስንት ነው? ወይስ ቅጥር ግቢው አጥር ላይ «ቅድሚያ ለደህንነት» ብሎ መጻፍ ይበቃል?

እኛስ? ሾፌሩ ሲሞት በሁለት ቀን ጎፈንድሚ ከፍተን አስከሬኑን አገር ቤት የምናደርስ ሕዝብ ነን። ለዚህ ማንም አይደርስብንም፤ እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ ባንድ ስልክ ይነሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሁሉም የሚነሳው ከሬሳው በኋላ ነው። በቁም ላለ ሾፌር አንድ የደህንነት ትምህርት በአማርኛ ለማዘጋጀት ያዋጣነው ስንት ነው? «ቀኑ ደርሶ ነው» የምንለውስ ለማጽናናት ብቻ ነው፣ ወይስ ማን ሊያስቀረው ይችል እንደነበር ላለመጠየቅ? በ1911 ኒው ዮርክ ትራያንግል ልብስ ፋብሪካ በተነሳ እሳት 146 ሰው ሲሞት፣ አብዛኞቹ ወጣት የአይሁድና የጣሊያን ስደተኛ ሴቶች ነበሩ፤ መውጫ በሩ ተቆልፎ ነበር። ቤተሰቦቻቸው «ቀናቸው ደርሶ ነው» ብለው አልተቀመጡም፤ በሩን ማን ቆለፈው ብለው ጠየቁ፣ አደባባይ ወጡ፣ የክልሉ የፋብሪካ ሕግ ተቀየረ።

ኮሌጆቹ ለባለቤቶችና ለሥራ አስኪያጆች የተለየ ክፍል ይክፈቱ፤ ክፍሉ ሲከፈትም የንግድ ማኅበሮቻችን ሰው ይላኩ። የሠራተኛው ሥልጠና ስለ ጓንት ከማውራቱ በፊት ስለ መብት ያውራ። ለፌርፋክስ ባለቤቶች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ካል-ኦሻ የምክር አገልግሎት ክፍል አለው፤ ለትንንሽ ድርጅቶች በነፃ ይመጣል፣ ቅጣት አይጥልም፣ ያየውንም ለተቆጣጣሪዎቹ አያስተላልፍም። በምላሹ የሚጠይቀው የተገኘውን ከባድ ስጋት እንድታርሙ ብቻ ነው። የሚመጣው ግን ባለቤቱ ሲጠራው ነው፤ ስለዚህ እናንተው ጥሩት።