የሪባ ጸሐፊ ላለመሆን ብለን ብዕሩን አንጣል



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ አካውንቲንግ የሚማር፣ ወይም ተምሮ ሥራ የሚፈልግ ልጅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። አይገርምም፤ ነጋዴ ማኅበረሰብ ነን፣ ሂሳብ የሚያውቅ ልጅ እንጀራ አያጣም ብለን እናምናለን። ነገር ግን በአብዛኞቻችን አእምሮ የዚህ ትምህርት መጨረሻ አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ባንክ።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ልጁ ትምህርቱን ሊጨርስ ሲቃረብ በአንድ ደርስ ላይ ያን የታወቀ ሐዲስ ይሰማል። ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሶ.ዐ.ወ) ሪባን የሚበላውን፣ የሚያበላውን፣ የሚጽፈውንና ሁለቱን ምስክሮች ረግመዋል፤ በወንጀሉም እኩል አድርገዋቸዋል። "የሚጽፈው" የምትለዋ ቃል አካውንቲንግ የሚማርን ልጅ ጆሮ ነክታ ብቻ አታልፍም፤ ልቡ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት ወጣቶችን እናያለን። አንዱ ሙያውን እርግፍ አድርጎ ይተዋል፤ ሌላው ጥያቄውን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። የመጀመሪያው ዓመታት የለፋበትን ዕውቀት ቆልፎበት ይቀመጣል፤ ሁለተኛው "ሁሉም የሚሠራው ነው" እያለ ራሱን ያጽናናል።

የኛ አቋም ግልጽ ነው፤ ሁለቱም መንገድ ልክ አይደለም።

ሱረቱል በቀራን እንመልከት። ሪባን አጥብቀው የሚከለክሉት አንቀጾች ከ275 ጀምረው ይመጣሉ። ከነሱ ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ 282 በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ነው። ስለ ምንድን ነው? ስለ መዝገብ! ዕዳን ከነቀጠሮው ስለ መጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍና አላህ እንዳሳወቀው ከመጻፍ እምቢ እንዳይል፣ ገንዘቡ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች ያዛል። ሪባን የከለከለው ጌታ ወዲያው ብዕር አንሱ አለን። ስለዚህ የተወገዘው ሂሳብ መጻፍ አይደለም፤ የተወገዘው ሪባን መጻፍ ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ወጣት ወይ ሐላሉን ይተዋል፣ ወይ ሐራሙን ያቀላል።

አሁን ወደ ከተሞቻችን እንመለስ። ወልቂጤ በጅማ መንገድ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ የተቀመጡ የንግድ ከተሞች ናቸው። ሸቀጡ፣ እህሉ፣ የማረቆ በርበሬው፣ የግንባታ ዕቃው ሲገባ ሲወጣ ይውላል። በብዙ ሱቆቻችን ያለው መዝገብ ግን የዱቤ ደብተር ብቻ ነው። ማን ስንት እንደወሰደ ይነግረናል፤ ሱቁ አትርፎ ይሁን ከስሮ ግን አይነግረንም። የቤት አስቤዛና የሱቅ ወጪ ከአንድ መሳቢያ ይወጣል። ይህ ደግሞ የዱንያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዲናችን ውስጥ ይገባል።

ዘካን እንውሰድ። አንድ ነጋዴ የዘካው ቀን ሲደርስ በዕለቱ የገበያ ዋጋ የ3,000,000 ብር የሚሸጥ ዕቃ፣ 300,000 ብር ጥሬ ገንዘብና ይከፈለኛል ብሎ የሚተማመንበት 400,000 ብር ዱቤ አለው እንበል። አሁን የሚከፍለው 500,000 ብር ዕዳ አለበት። ቀሪው 3,200,000 ብር ነው፤ ዘካው 2.5 በመቶ፣ ማለትም 80,000 ብር ይሆናል። መደርደሪያው፣ ሚዛኑና ሱቁ ራሱ አይቆጠሩም። ስሌቱ ቀላል ይመስላል። ግን መዝገብ የሌለው ሰው እነዚህን አራት ቁጥሮች ከየት ያመጣል? በግምት "ይህን ያህል አውጥቻለሁ" ብሎ የድሃውን ሐቅ አጉድሎ ሊሆን ይችላል። ደግሞም የሱቁ የሂሳብ ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን የዘካ ዓመት በሒጅራ አቆጣጠር ነው፤ በመካከላቸው የ11 ቀን ገደማ ልዩነት አለ። ይህን አስተካክሎ ማስላት የሚችለው ሙያውንም ፊቅሁንም የሚያውቅ ሰው ነው።

ውርስም እንዲሁ ነው። አንዱ ወንድም መርካቶ፣ ሌላው ቡታጅራ ሆነው በአንድ ካፒታል ለሃያ ዓመት ይነግዳሉ። ማን ስንት አወጣ፣ የማን ድርሻ ስንት ነው የሚል ወረቀት የለም። በመተማመን ነው። መተማመን መልካም ነው፤ ግን አባት ሲሞት ቁርኣን ከክፍፍሉ በፊት ኑዛዜና ዕዳ እንዲወጣ ያዛል። ዕዳው ያልተጻፈ ሰው ውርሱ በምን ይከፈላል? ሽማግሌ የሚጠራበት የወንድማማቾች ጠብ ስንቱ ከአንድ ካልተጻፈ ገጽ እንደተነሳ ሁላችንም እናውቃለን።

የመንግሥት ግብርም አለ። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በቂ መዝገብ ያልያዘን ግብር ከፋይ ግብሩን በግምት የመወሰን ሥልጣን ለገቢዎች ሰጥቷል። "ግብር በዛብን" ብለን ስናማርር ማስተባበያ የሚሆን ወረቀት በእጃችን ስንቶቻችን አለን?

እዚህ ላይ ለራሳችን አንድ መራራ ነገር እንንገር። ከባንክ ሥራ ሪባን ፈርቶ የወጣ ወንድም ነጋዴ ቤት ገብቶ ሁለት ደብተር እንዲይዝ ሲጠየቅ፣ አንዱን ለባለቤቱ አንዱን ለገቢዎች፣ እሺ ካለ ምን አተረፈ? ሐሰተኛ ደረሰኝ ገዝቶ ወጪ ማሳበጥስ? ውሸትና ክህደት ሪባ ስላልሆነ ሐላል አይሆንም። አማና ያለው አካውንታንት ባለሱቁን "አልጽፍም" የሚለው ለባንኩ ብቻ አይደለም።

ታዲያ መንገዱ በየት ነው? በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በደረጃ ተምሮ፣ የሲኦሲ ምዘና አልፎ መጀመር ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ላይ አለ፤ አካውንቲንግና ፋይናንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። ከ2015 ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ስለሆነ "በመጨረሻ አነባለሁ" የሚለው ልማድ ዋጋ ያስከፍላል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ አገራችን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን፣ አይኤፍአርኤስ የሚባሉትን፣ ተቀብላለች። እነሱን በደንብ የሚያውቅ ሰው ዛሬም ይፈለጋል። ከዲግሪ በኋላ ኤሲሲኤ የተባለው ዓለም አቀፍ የሙያ ማረጋገጫ አለ፤ በርካታ ፈተናዎችና የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የተማርነው ዲግሪም ከፈተናዎቹ የተወሰኑትን ሊያስቀር ይችላል።

ከወለድ ነጻ በሆነው ዘርፍም በር ተከፍቷል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ የአገሪቱ የመጀመሪያ ባንክ ሆነ፤ ሂጅራም ተከተለው። የሙራበሃ ሂሳብ የብድር ሂሳብ አይደለም። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ በእጁ አድርጎ፣ ከነትርፉ ይሸጣል፤ መዝገቡም ይህን ማሳየት አለበት። ጸሐፊው ይህን ካልተረዳ ግብይቱ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ይቀራል። መቀመጫው ባሕሬን የሆነው አዮፊ ለዚህ ዘርፍ የሂሳብና የሸሪዓ ደረጃዎችን ያወጣል፤ ለአካውንታንቶችም የሙያ ማረጋገጫ ይሰጣል። ስንቶቻችን ስሙን እንኳ ሰምተናል?

እውነቱን እንናገር፤ እነዚህ ባንኮች ተመራቂውን ሁሉ አይቀጥሩም። ዲግሪ ብቻውን ይዞ የተቀመጠም ብዙ ነው። ለዚህ ነው ከባንክ ውጭ እንዲታሰብ የምንወተውተው። ኤክሴልና ፒችትሪን በእጁ ያስገባ ተመራቂ የአሥር ሱቆችን ሂሳብ በወር የተወሰነ ቀን እየተመላለሰ መያዝ ይችላል። አንድ ሱቅ አካውንታንት መቅጠር ላይችል ይችላል፤ አሥር ሱቆች ተባብረው ግን ይችላሉ። እቁብ የምናውቅ ሰዎች ለዚህ ማንም አያስተምረንም። እየቆየም ልምድ ሲያካብትና የሙያ ማረጋገጫ ሲይዝ ሕጉ የሚጠይቀውን ፈቃድ አውጥቶ የራሱን ቢሮ ይከፍታል።

ነጋዴ አባቶቻችንና ታላላቆቻችን ሆይ! ለጥበቃና ለጫኝ የምትከፍሉትን ያህል ለመዝገባችሁ ክፈሉ። የመስጂድ ኮሚቴዎቻችንም እንዲሁ፤ ሰደቃው ምን ገባ ምን ወጣ የሚለውን በየሦስት ወሩ ከጁሙዓ በኋላ በግድግዳ ላይ ብትለጥፉ ሐሜቱም ይቀራል፣ በረካውም ይጨምራል። የሰፈሩ የአካውንቲንግ ተማሪ ይህን በነጻ ቢሠራ ለሱም የመጀመሪያው የሥራ ልምድ ይሆንለታል።

ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም። በመደበኛ ባንክ ስላለ የትኛውም የሥራ መደብ፣ ከወለድ ነጻ ስለሚባለው መስኮትም ጭምር፣ ጥያቄ ያለው ሰው የሥራውን ዝርዝር ይዞ ዑለማእ ፊት ይቅረብ። "ባንክ ልግባ ወይ?" ብቻ ብሎ አይጠይቅ፤ በየቀኑ ምን እንደሚጽፍ ይናገር። መልሱ ያለው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው።

አካውንቲንግ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች! የምትማሩት የአማና ሙያ ነው። ነገ አላህ ፊት የሁላችንም መዝገብ ይገለጣል፤ ዛሬ የሰው መዝገብ በእጃችን ያለ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ልናስታውስ ይገባል። አላህ በሐላሉ ያብቃቃን፣ ከሐራሙ ይጠብቀን፣ ብዕራችንን የፍትሕ ብዕር ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።